የዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት፣ ባጀቱና ሠፈሮቹ



የማኅበራችንን አሥረኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ለዚህ መጽሔት ምን እንጻፍ ብለን በተመካከርንበት ወቅት፣ ከመካከላችን ስለ ዐድዋ እንጻፍ ያለ ነበር፤ ስለ ላሊበላ እንጻፍ ያለም ነበር። ሁለቱም የሚናቁ አልነበሩም። ይሁን እንጂ ያገራችንን ታሪክ የሚጽፉልን ሊቃውንት አላጣንም። ግብር የምንከፍልበትን፣ ልጆቻችንን የምናስተምርበትንና ሙታናችንን የምንቀብርበትን የዚህን ከተማ ታሪክ በቋንቋችን ጽፎ ያስነበበን ግን ጥቂት ነው። ስለሆነም የዋሽንግተን ዲሲ ከተማ ምክር ቤት በባጀትና በሠፈሮች መልሶ ማልማት ጉዳይ ያሳለፈውን ረጅም ሙግት ባጭሩ ልናቀርብላችሁ ወደድን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ነገሩን ያስጀመረን አንድ ጥያቄ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ማኅበራችን ለአረጋውያን የቀን መዋያ የሚሆን መጠነኛ ድጎማ ለመጠየቅ በምክር ቤቱ የባጀት ስብሰባ ላይ ቀርቦ ነበር። ፔንስልቬንያ ጎዳና ላይ በሚገኘው የምክር ቤቱ ሕንፃ ስማችንን አስመዝግበን፣ ከጧት እስከ ከሰዓት በኋላ ተራችንን ጠብቀን፣ ሦስት ደቂቃ ተሰጠን። ሦስት ደቂቃ ለሐበሻ ለሰላምታ እንኳን አይበቃም። ስንወጣ አብረውን የነበሩ አንድ አባት፣ «ልጆቼ፣ እነዚህ ሰዎች ገንዘቡን እንስጥ ቢሉ በራሳቸው መስጠት ይችላሉ? ወይስ እነሱም ሌላ ጌታ አላቸው?» ሲሉ ጠየቁን። ከእኛ አንዱ፣ «አይ ጋሼ፣ እነሱ እኮ ሕዝብ የመረጣቸው ናቸው» ብሎ መለሰላቸው። ቤት ገብተን መጻሕፍቱን ስናገላብጥ ግን ነገሩ ከእኛ ይልቅ ለጋሼ ገብቷቸው እንደነበር ተረዳን።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በዋና ከተማዪቱ ላይ ሕግ የማውጣቱን ሥልጣን የሰጠው ለኮንግረስ ነው። ኮንግረስ በ1871 ለከተማዪቱ አንድ ወጥ አስተዳደር ፈቀደላትና፣ አሌክሳንደር ሼፐርድ የሚባል ሰው የሕዝብ ሥራዎችን ቦርድ ይዞ ተነሣ። ሰውየው ችኩል ነበር። ጭቃውን ጎዳና አስነጠፈ፣ የፍሳሽ ቦይ አስቀበረ፣ ዛፍ በሺህ እየቆጠረ አስተከለ። ከተማዪቱ ከተማ መምሰል የጀመረችው በእሱ ጊዜ ነው፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ሕግ ከፈቀደው መጠን እጅግ ያለፈ ዕዳ አሸከማት። ካዝናው ባዶ ሲሆን ኮንግረስ በ1874 አስተዳደሩን አፈረሰው፤ በ1878 ደግሞ በፕሬዚዳንቱ የሚሾሙ ሦስት ሹማምንት ከተማዪቱን እንዲያስተዳድሩ ለዘለቄታው ደነገገ። የፌዴራሉ መንግሥት ከባጀቱ እኩሌታውን ሊሸፍን፣ ነዋሪው ደግሞ ድምፁን ሊያስረክብ ተባለ። እንዲህ ያለ ንግድ ነበር። ጥቁር ወንዶች በከተማዪቱ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1867 ስለነበረ፣ ዕዳው ሰበብ እንጂ እውነተኛው ምክንያት የጥቁሮች ድምፅ ነበር የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙዎች ናቸው። እኛም ከዚህ ሐሳብ ጋር እንስማማለን።

ከዚያ ወዲህ ለአንድ መቶ ዓመት የዋሽንግተን ነዋሪ የከተማውን ከንቲባ አልመረጠም፤ የምክር ቤት አባልም አልመረጠም። መንገድ ሲቆፈርም ሆነ ትምህርት ቤት ሲሠራ፣ ወጪው በኮንግረስ ኮሚቴዎች ፊት በዝርዝር እየቀረበ ይታይ ነበር። ኮሚቴዎቹን የሚመሩት ሰዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሩቅ የደቡብ ክፍላተ ሀገር ተመርጠው የመጡ፣ ከከተማዪቱ ሕዝብ አንድም ድምፅ የማይፈልጉ ነበሩ።

ይህ ምን እንዳስከተለ ለማየት ሳውዝዌስት የሚባለውን ሠፈር መመልከት ይበቃል። በ1945 በወጣው ሕግ መሠረት አንድ የመልሶ ማልማት መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ይህ መሥሪያ ቤት በ1950ዎቹ የድሆች ሠፈር ነው ብሎ ሳውዝዌስትን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ አፈረሰው። በእርግጥ በጓሮ መተላለፊያዎች ውስጥ ውኃም ሆነ መጸዳጃ የሌላቸው ጎጆዎች ነበሩ። ግን ደህና ቤቶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና ሱቆችም ነበሩ። ከ20 ሺህ በላይ ነዋሪዎች ከነልጆቻቸው ለቀው እንዲሄዱ ተደረገ፤ አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። 4ኛው ጎዳና ላይ የነበረ የአንድ መደብር ባለቤት ወገኖች፣ መደብራችን የተጎሳቆለ አይደለም፤ ከእኛ ወስዳችሁ ለሌላ የግል አልሚ ልትሰጡት አይገባም ብለው ተከራከሩ። ክሱ በርማንና ፓርከር በሚል ስም ይታወቃል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኅዳር 1954 በሙሉ ድምፅ ፈረደባቸው፤ ሕግ አውጪው ከተማው ንጹሕ ብቻ ሳይሆን ያማረ እንዲሆንም ሊወስን ይችላል ተባለ። ከተነሡት ሰዎች ወደ አዲሶቹ ቤቶች ለመመለስ አቅም የነበራቸው ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት በሰሜኑ ክፍልና ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ተበተኑ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሄደው የሚጮሁበት፣ በሚቀጥለው ምርጫ ድምፅ የሚነፍጉት አንድም የከተማ ተመራጭ አልነበረም።

በ1960ዎቹ ደግሞ አውራ ጎዳናዎች በከተማዪቱ መካከል እንዲያልፉ ታቀደ። ሕዝቡ፣ ጥቁሩም ነጩም፣ ተባብሮ ተቃወመ። ዊልያም ናቸር የተባሉ የኬንታኪ ተወካይ የዲሲን ባጀት በሚያየው ንዑስ ኮሚቴ ላይ ተቀምጠው፣ ድልድዩና ጎዳናው ካልተሠራ ለምድር ባቡሩ ገንዘብ አልለቅም ብለው ለዓመታት ያዙት። በታኅሣሥ 1971 የተወካዮች ምክር ቤት እሳቸውን አልፎ ገንዘቡን ለቀቀ፤ ሜትሮም በመጋቢት 1976 ሥራ ጀመረ። ዛሬ ቀዩን መስመር ተሳፍረን ወደ ሥራ ስንሄድ ይህን የምናስታውስ ስንቶቻችን ነን?

ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1967 ሦስቱን ሹማምንት ሽረው አንድ ከንቲባና ዘጠኝ የምክር ቤት አባላት ሾሙ። ከንቲባው ዋልተር ዋሽንግተን የተባሉ ጥቁር ነበሩ። የመጀመሪያውን ባጀታቸውን ለኮንግረስ ሲልኩ፣ የዲሲ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀ መንበር የነበሩት የሳውዝ ካሮላይናው ጆን ማክሚላን መልስ ይሆን ዘንድ አንድ የጭነት መኪና ሙሉ ሐብሐብ ላኩላቸው ተብሎ በሰፊው ተጽፏል። ላገራችን ሰው ሐብሐብ ስጦታ ነው። በዚህ አገር ግን ጥቁርን በሐብሐብ መስደብ የቆየ ልማድ ስለሆነ፣ ትርጉሙ ለማንም ግልጽ ነበር። ማክሚላን በ1972 ምርጫ ተሸነፉ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በገና ዋዜማ፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን የራስ አስተዳደሩን ሕግ ፈረሙ። ሕዝቡ በ1974 መረጠ፤ 13 አባላት ያሉት ምክር ቤትም በጥር 1975 ሥራውን ጀመረ።

እንግዲህ የጋሼ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው መልስ የሚያገኘው። ሕጉ ምክር ቤቱ ባጀት እንዲያወጣ ፈቀደ፤ የመጨረሻውን ቃል ግን ለኮንግረስ አስቀረ። ከዚህም በላይ ምክር ቤቱ ሊያስከፍል የማይችላቸውን ግብሮች ዘረዘረ። በከተማዪቱ ውስጥ ሠርቶ ከከተማዪቱ ውጭ በሚኖር ሰው ደመወዝ ላይ ግብር መጣል ክልክል ነው። በዲሲ ከሚገኘው ገቢ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ደግሞ ማታ ማታ ወደ ሜሪላንድና ወደ ቨርጂንያ ይሄዳል። (ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የምንኖር አባላት ይህን አንብበን ዝም ብንል ይሻለናል።) የፌዴራሉ መንግሥት ሕንፃዎችና የኤምባሲዎች ይዞታም የንብረት ግብር አይከፍሉም። በዚህ ላይ መንግሥት ቀደም ሲል ሳያጠራቅምላቸው ያለፈው የመምህራን፣ የፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጡረታ ዕዳ ከነወለዱ ለአዲሱ አስተዳደር ተላለፈለት። ሙሽራዋ ዕዳዋን ይዛ መጣች እንደማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሠፈር እንምጣ። ዩ ስትሪትና ሾ ተብለው የሚጠሩት ሠፈሮች በዘር መለያየት ዘመን የጥቁሮች ንግድ፣ ቲያትርና ሙዚቃ ማዕከል ነበሩ። በሚያዝያ 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ ምሽት ረብሻው የተነሣው 14ኛው ጎዳናና ዩ ስትሪት ከሚገናኙበት አካባቢ ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ ሕንፃዎች ተቃጠሉ ወይም ተጎዱ። የሚገርመው፣ ኪንግ ራሳቸው ገና ከዓመት በፊት፣ በመጋቢት 1967፣ በሾ ሠፈር ሰልፍ መርተው ነበር። ሰልፉን ያዘጋጁት ቄስ ዋልተር ፎንትሮይና ጓደኞቻቸው ሲሆኑ፣ ዓላማው ሠፈሩ ሲታደስ ነዋሪው እንደ ሳውዝዌስት ሰው እንዳይባረር፣ ዕቅዱን ራሱ ነዋሪው እንዲያወጣ ነበር። እሳቱ ግን ቀደማቸው።

ከዚያ በኋላ ቦታዎቹ ለሃያ ዓመት ያህል ባዶ ቀሩ። አዲሱ ምክር ቤት ገንዘቡን የት ያውለው? መሐል ከተማ ላይ ላሉ የመሥሪያ ቤት ሕንፃዎችና ለስብሰባ አዳራሽ፣ ይህም ግብር እንዲያመጣ? ወይስ በተቃጠሉት ጎዳናዎች ላይ? ክርክሩ ያኔ የተጀመረ ነው፤ እስከ ዛሬም አላለቀም። ከንቲባ ማሪዮን ባሪ መንግሥት ራሱ ቀድሞ ካልገባ ነጋዴ አይገባም በማለት በ14ኛውና በዩ ስትሪት ማዕዘን ላይ ትልቅ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ አሠርተው በ1986 ተከፈተ። በዚያው ሰሞን የሜትሮው አረንጓዴ መስመር ሲቆፈር ጎዳናው ተዘግቶ ከእሳቱ የተረፉት ብዙ ሱቆች በአቧራው አለቁ። ጣቢያው በግንቦት 1991 ተከፈተ።

የእኛ ሰዎች ታሪክ ከዚህ ታሪክ ጋር የተጋባው በዚህ ጊዜ ነው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ፣ በተለይም የ1980 የስደተኞች ሕግ ከወጣ ወዲህ በብዛት የመጡት ወገኖቻችን መጀመሪያ በ18ኛው ጎዳና፣ በአዳምስ ሞርጋን ምግብ ቤቶች ከፈቱ። እዚያ ኪራዩ ሲወደድ ወደ ዩ ስትሪትና ወደ 9ኛው ጎዳና ወረዱ። ባዶ ሱቅ በርካሽ አገኘን፣ አጠብነው፣ ቀባነው፣ ምጣድ አስገባንበት። በራሳችን ላብ እንዳቀናነው እናወራለን፤ እውነትም ነው። ሱቁ ለምን ባዶ ሆኖ እንደጠበቀን ግን አልጠየቅንም።

ስለ ታክሲም አንድ ነገር ሳንል አናልፍም፤ ስንቱ ወገናችን ልጆቹን ያሳደገበት ሥራ ነውና። ዲሲ ለረጅም ዘመን በሜትር ፈንታ በዞን ታስከፍል የነበረው በባጀት ሕግ ምክንያት ነው። በ1930ዎቹ ኮንግረስ በዲሲ ባጀት ላይ ሜትር የሚከለክል አንቀጽ ሰካበት። ዞኖቹም ለኮንግረስ አባላት ጉዞው እንዲረክስ ተብለው የተሠመሩ ናቸው እየተባለ ይወራ ነበር። በ2008 ግንቦት ወር ሜትር የገባውም ኮንግረስ በሌላ ሕግ ግፊት ካደረገ በኋላ ነው። በዞኑ ጊዜም በሜትሩም ጊዜ ሾፌሩን ማንም አላማከረውም።

በ1990ዎቹ ነገሩ ከረረ። የምክር ቤቱን የገንዘብ ኮሚቴ ለዓመታት የመሩት፣ በኋላም ሊቀ መንበር የሆኑት ጆን ዊልሰን፣ ወጪው ከገቢው እየበለጠ ነው፤ ወደ ገደል እየሄድን ነው እያሉ ደጋግመው አስጠነቀቁ። በ1993 አረፉ። ሕንፃው ዛሬ የሚጠራው በስማቸው ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የፈሩት ደረሰና፣ በሚያዝያ 1995 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት ሕግ አምስት አባላት ያሉት የገንዘብ ተቆጣጣሪ ቦርድ በምክር ቤቱ ላይ አስቀመጠ። በ1997 የፌዴራሉ መንግሥት እስር ቤቶቹን፣ ፍርድ ቤቶቹንና ያንን የጡረታ ዕዳ ተረክቦ፣ በምትኩ በየዓመቱ ይሰጥ የነበረውን ክፍያ አቋረጠ። ሒሳቡ ተስተካከለ፤ ቦርዱም በመስከረም 2001 ሥራውን አቆመ። ከመሄዱ በፊት ግን በዚያው ዓመት የድሆች መታከሚያ የነበረውን ዲሲ ጄኔራል ሆስፒታል እንዲዘጋ አደረገ። አሥራ ሦስቱም የምክር ቤት አባላት ተቃውመው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም የሼፐርድ ዕዳ ታሪክ ተመልሶ መጣ ያሰኛል።

ከምክር ቤቱ ሙግቶች ሁሉ ትዝ የሚለን የ2004ቱ የቤዝቦል ስቴዲየም ክርክር ነው። በመስከረም የሞንትሪያል ቡድን ወደ ዋሽንግተን እንዲዛወር ሲወሰን፣ ከንቲባ አንቶኒ ዊልያምስ ከተማዪቱ ስቴዲየሙን በራሷ ወጪ እንደምትሠራ ቃል ገቡ። ቦታው በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር፣ ከዚያ ከ1954ቱ መደብር ብዙ ሳይርቅ ነው። ደጋፊዎቹ፣ ገንዘቡ የሚመጣው በትልልቅ ድርጅቶችና በትኬት ላይ ከሚጣል ግብር ስለሆነ ከትምህርት ቤት አንድ ሳንቲም አይነካም፤ የተረሳውን ወንዝ ዳርም ያለማል አሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ፣ ግብሩን መጣል ከተቻለ ለምን ጣሪያቸው ለሚያፈሰው ትምህርት ቤቶችና በራቸው ለተዘጋው ቤተ መጻሕፍት አይጣልም? አሉ። በመስከረሙ የቅድሚያ ምርጫ ሦስት ነባር አባላት ተሸንፈው ስለነበር፣ አዲሶቹ በጥር ሳይገቡ ድምፁ መሰጠት ነበረበት። ታኅሣሥ 14 ሌሊት ሊቀ መንበሯ ሊንዳ ክሮፕ፣ እኩሌታውን የግል ባለገንዘብ ይክፈል የሚል ማሻሻያ ይዘው ተነሡ። የቤዝቦሉ ማኅበር ተቆጣና ትኬት ለገዛ ገንዘቡን እመልሳለሁ አለ። ከሳምንት በኋላ፣ ታኅሣሥ 21፣ ስምምነቱ ተስተካክሎ 7 ለ6 አለፈ። አንድ ድምፅ!

በየካቲት 2006 የኪራዩ ውል እንደገና ቀርቦ፣ ቀን ውድቅ ተደርጎ፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ከ611 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዳይወጣ ተገድቦ ጸደቀ። በቦታው የነበሩት ጋራዦች፣ የምሽት ክበቦችና ትንንሽ ንግዶች በሕግ ተነሡ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2005፣ በኒው ለንደን ከተማ ጉዳይ፣ የበርማንን ፍርድ መሠረት አድርጎ 5 ለ4 ለልማት መውሰድ ይቻላል ብሎ ነበር። ስቴዲየሙ በ2008 ተከፈተ። ወንዝ ዳሩ በእርግጥ ለምቷል፤ ደጋፊዎቹ በዚህ አልዋሹም። የተሠሩት አፓርታማዎች ግን የቀድሞው ነዋሪ የሚከራያቸው አይደሉም፤ ተቃዋሚዎቹም አልዋሹም።

በዚያው በ2004 ምክር ቤቱ ያወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ፣ ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛ፣ ከቬትናምኛና ከኮሪያኛ ጋር አማርኛ የመንግሥት ሰነዶች የሚተረጎሙበት ቋንቋ እንዲሆን መንገድ ከፈተ። በዓመቱ ደግሞ 9ኛው ጎዳና «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ እንዲሰየም ከወገኖቻችን ጥያቄ ተነሣ። የሎስ አንጀለስ ምክር ቤት በ2002 ለፌርፋክስ ጎዳና እንዲሁ አድርጎ ስለነበረ፣ እኛም እናገኛለን ብለን ተስፋ አድርገን ነበር። የሾ ሠፈር ጥቁር አሜሪካውያን ጎረቤቶቻችን ግን አጥብቀው ተቃወሙ። ያን ጊዜ አኩርፈን ነበር፤ ቀንተውብን ነው ያልንም ነበርን። ይህን ታሪክ ካነበብን በኋላ ግን ነገሩን በሌላ ዓይን እናየዋለን። ሳውዝዌስት ሲፈርስ ያለቀሱ፣ በ1968 ጭሱን የተነፈሱ፣ በሜትሮው አቧራ ሱቃቸውን የዘጉ ሰዎች ናቸው። በቀራቸው ጎዳና ላይ ሌላ ስም ሲለጠፍ ዝም እንዲሉ መጠበቃችን ትክክል አልነበረም።

ወዳለንበት ዘመን ስንመጣ፣ በመጋቢት 2025 ኮንግረስ ባወጣው ጊዜያዊ የወጪ ሕግ፣ ከተማዪቱ ከራሷ ግብር ከምታወጣው ባጀት 1 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንድትቀንስ ታዘዘች። ሴኔቱ ማስተካከያ ቢያሳልፍም የተወካዮቹ ምክር ቤት ለድምፅ ሳያቀርበው ወራት አለፉ። በዚያው ዓመት መስከረም ምክር ቤቱ በአርኤፍኬ ቦታ ላይ አዲስ የፉትቦል ስቴዲየም እንዲሠራ 11 ለ2 አጸደቀ፤ የከተማዪቱ ድርሻ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

እኛ የጠየቅነው ድጎማ በመጀመሪያው ዓመት አልተሰጠንም። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰን ተመዘገብን፤ ስማችን ከዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ ነበር። አጠገባችን የተቀመጡት አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት ስለ ሠፈራቸው ቤተ መጻሕፍት ሊናገሩ የመጡ ናቸው። የተወለዱት ሳውዝዌስት መሆኑን፣ ቤታቸው ሲፈርስ የሰባት ዓመት ልጅ እንደነበሩ፣ ከዚያ ወዲህ በሾ ሲኖሩ ይህን ስብሰባ አስቀርተው እንደማያውቁ ነገሩን። ጋሼ ይህን ስናስተረጉምላቸው ጥቂት ዝም አሉና፣ ከኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ ቆሎ አውጥተው ለሴትዮዋ እፍኝ ሙሉ ዘገኑላቸው። ተራችን የደረሰው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ነው።